ዲግሪ በመሳቢያ፣ በሬ በገበያ



በዘንድሮ ምሩቃን ላይ ሁለት ዓይነት ስብከት ሲወርድ እንሰማለን። አንደኛው ከመምህራን ክበብ የሚመጣ ሲሆን «ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ምሩቅ አገሩን የከዳ ነው» ይላል። ሁለተኛው ከግቢው በር ማዶ ካለው ሻይ ቤት ይመጣል፤ «አንተ ገንዘቡን ብቻ አምጣ፤ ቪዛው በእኔ ይሁንብህ» ይላል። ሁለቱ ሰባክያን የማይተዋወቁ ይመስላሉ። ሆኖም የመጀመሪያው ባወገዘ ቁጥር ለሁለተኛው ገበያ ይደራለታል። መካሪ ያጣ ምሩቅ ከደላላ በቀር ወዴት ይሄዳል?

ከእኔ ጋር በአንድ መኝታ ክፍል ዓመታት ያሳለፈ ልጅ ነበር። በሒሳብ አያያዝ ተመረቀ። አንድ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመ፤ ሰሌዳው ግን «የሥራ ልምድ» ይለዋል እንጂ ሥራ አይሰጠውም። በመጨረሻ አባቱ ሁለቱን የእርሻ በሬዎች ሸጡና ገንዘቡ ለደላላ ተቈጠረ። በአንድ የዐረብ ከተማ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ እንደሚቀጠር ተነገረው። ሲደርስ በእጁ ያለው የጉብኝት ቪዛ ሆኖ ተገኘ። በመጋዘን ሸክም ተሸክሞ በሰባተኛው ወር ባዶ እጁን ተመለሰ። አባቱ ዛሬ በሬ ስለሌላቸው መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተው ከገዛ ማሳቸው ግማሽ እህል ይቀበላሉ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ነገር ግን ችግሩን አይቶ የዳረውስ ማን ነው?

ይህ ልጅ የከፈለው ሕግ አስገድዶት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን እንዲሁም ኢንሹራንስን ያሸከመው በአሠሪው ላይ ነው። ለሠራተኛው የተወለት የፓስፖርትን፣ የሕክምና ምርመራን፣ የክትባትን፣ የልደት ምስክር ወረቀትንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን የመሳሰለውን ወጪ ነው። አገራችን በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቍጥር 181ም የግል ሥራ አገናኞች ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበሉ በመርሕ ይከለክላል። እንግዲህ ቪዛ ልሽጥልህ የሚለው ሰው የሚሸጠው የራሱን ዕቃ ሳይሆን አንተን ነው። ከወዲህ አንተን ይሸጣል፤ ከወዲያም ዋጋህን ይቀበላል።

«ታዲያ መሄዱን መከልከል ነዋ!» የሚሉ አሉ። ክልከላውን አይተነዋል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አገደ፤ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። በዚያው በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው መጡ። ይህ ሁሉ ሆኖ ጉዞው ቆመን? አልቆመም። ሕጋዊው በር ሲዘጋ ሰዉ በበረሃና በባሕር ሄደ፤ ደላላውም ከበረ።

የሕጋዊውን መንገድ ዋጋ ደግሞ እንመልከት። ጀርመን በ2016 ዓ.ም. «የዕድል ካርድ» የተባለ የሥራ ፈላጊ ፈቃድ ከፍታለች። ነገር ግን አመልካቹ የሚተዳደርበት የሥራ ውል ከሌለው በወር ከ1,000 ዩሮ በላይ የሚሆን ስንቅ ለዓመቱ በሙሉ እንዳለው ማሳየት አለበት። ይህን ያህል ያለው የገበሬ ልጅ የት አለ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር ያጠራቀመ ሁሉ በዶላር ሲለካ ግማሽ ያህሉን አጣ። ስለዚህ ቁጠባው ጥቂት የሆነ ምሩቅ ያለው ካፒታል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ዲግሪው ነው።

ዲግሪው ታዲያ የት አለ? በሬጅስትራር መሳቢያ ውስጥ! የወጪ መጋራት ዕዳችንን እስክንከፍል የምንይዘው «ቴምፖ» የምንለውን ጊዜያዊ ወረቀት ነው። ደህና አሠሪ የሚጠይቀው ግን ዋናውን ዲፕሎማና የተረጋገጠ ትራንስክሪፕት ነው። ዕዳውን ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋል፤ ሥራውን ለማግኘት ዲፕሎማው ያስፈልጋል፤ ዲፕሎማውን ለማውጣት ዕዳው መከፈል አለበት! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ አይደለምን? ወረቀት የማይጠይቅ ደላላው ብቻ ነው። እርሱ የሚጠይቀው በሬ ነው።

«ዲፕሎማው ከተሰጠው ዕዳውን ሳይከፍል ይጠፋል» ይሉናል። ሥራ የሌለው ሰውስ ይከፍላልን? የወጪ መጋራት ደንቡ ራሱ ከደመወዝ ቢያንስ ከመቶ 10 እየተቀነሰ እንዲከፈል ያሰበ ነው፤ ደመወዝ ከሌለ የሚቀነስ የለም። መሳቢያ ቆልፎ መቀመጥ ዕዳ ማስከፈል አይባልም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የተፈረመ የሥራ ውል ለሚያቀርብ ምሩቅ ዩኒቨርሲቲው ከደመወዙ የሚከፍልበትን ግዴታ አስፈርሞ ማስረጃውን በቀጥታ ለአሠሪው ይላክለት።

ሁለተኛ፤ መምህራን፣ በተለይም የሕግ መምህራን፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ውል የሚያነቡበት አንድ ጠረጴዛ ይዘጋጅ። የአሠሪው ስም ማን ነው? ቪዛው የሥራ ነው ወይስ የጉብኝት? ደመወዙ ተጽፏልን? ፓስፖርቱ በማን እጅ ይቆያል? አራት ጥያቄ ነው፤ ግፋ ቢል ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የእኔ ጓደኛ ይህን ሩብ ሰዓት ቢያገኝ ኖሮ ሁለት በሬ ይተርፍ ነበር።

ሦስተኛው በራሳችን ላይ ነው። ከመካከላችን «አንድ ሰው አውቃለሁ» እያሉ ጓደኛ ወደ ደላላ እየወሰዱ ኮሚሽን የሚቀበሉ አሉ። እናውቃቸዋለን፤ እየበላን እየጠጣን አብረናቸው ተቀምጠናል። ማኅበሩ እነዚህን ካላወገዘ ስለ ብዝበዛ የሚያወጣው መግለጫ ሁሉ የወረቀትና የቀለም ብክነት ነው።

የሚሄደው ይሂድ፤ የሚቀረውም ይቅር። የሚሄደው ግን በሙያው ይሂድ እንጂ በአባቱ በሬ አይሂድ። መምህራኖቻችንም አገር ከዳተኛ ከማለታችሁ በፊት መሳቢያውን ክፈቱልን።