ያዩትን «አላያችሁም» የተባሉ ሰዎች



ሰሞኑን ከመድረሳ ልጆቻችን አንዱ ስልኩ ላይ የደረሰውን ቪዲዮ ይዞ መጣ። አሜሪካ ይፋ ያደረገችው ሚስጥራዊ ሰነድ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን መኖራቸውን አረጋግጧል ይላል። «ኡስታዝ፣ ጂኖች ናቸው እንዴ?» ሲል ጠየቀን። ከመመለሳችን በፊት ሰነዱን ማየት መረጥን።

ሰነዱ በእርግጥ አለ። የስለላ ድርጅቱ ሲአይኤ በ1992 (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለራሱ ያጻፈው የዩ-2 የስለላ አውሮፕላን ታሪክ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም በ2005 ጠይቆ በ2013 አገኘው። ስምንት ዓመት! «ኤሪያ 51» የሚባለው የኔቫዳ በረሃ ጣቢያም ስሙ ሳይሰረዝ ሰፍሮበታል።

የአውሮፕላኑ ሙከራ በ1955 ተጀመረ። የመንገደኛ አውሮፕላኖች ያኔ ከ10,000 እስከ 20,000 ጫማ ከፍታ ሲበሩ እሱ ከ60,000 በላይ ይወጣ ነበር። ታች ሲመሽ እሱ ካለበት ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ብርማ ክንፉ ጨረሯን ሲያንጸባርቅ ከታች ለሚበር ፓይለት የሚነድ ነገር ይመስለው ነበር።

እኛን የቆጨን ሌላው ገጽ ነው። ሰዎች ያዩትን ለአየር ኃይሉ ይጽፉ ነበር። መርማሪዎቹ ሲአይኤ ዘንድ ደውለው ከበረራ መዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ፤ የብዙውን ምንነት ያውቃሉ፤ ለጸሐፊው ግን እውነቱን መንገር አይፈቀድላቸውም። ድርጅቱ በ1997 ባወጣው ጽሑፍ እንዳመነው፣ የበረዶ ብናኝ ነው፣ የአየር ሙቀት ለውጥ ነው እየተባለ ይድበሰበስ ነበር። ዓይኑ ያልዋሸው ሰው ተሳስተሃል ተባለ።

መንግሥት የመሣሪያ ምስጢር አይኑረው አንልም። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ እውነተኛን ምስክር ማሳሳት ግን ሌላ። የፍጡራኑ ወሬም የፋፋው በዚያ ክፍተት ይመስለናል። (ሰነዱ ራሱ የባለጉዳዩ ቃል መሆኑም አይዘንጋ፤ ሁሉንም እንደወረደ መቀበል አይገባም።)

ቪዲዮውን የሚያሰራጩ ወንድሞቻችንስ? ያላነበቡትን ወረቀት «አረጋገጠ» ማለት ያው ሐሰት መመስከር ነው። በሌለንበት ሲመሰከርብን የኖርን ሰዎች ይህን ማንም ሊያስተምረን አይገባም ነበር።

ልጁን ከጁምዓ በኋላ አስቀምጠን ገጹን ከእንግሊዝኛው እየተረጎምን አነበብንለት። «ታዲያ ያ ፓይለት እውነቱን ነበራ!» አለ።