ሳይንስ ለኑሯችን፦ ዩሪያ ውሃ ሲነካ ለምን ይቀዘቅዛል?

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት በኋላ አንድ አባት ጥያቄ አመጡልን። «ማዳበሪያ በትኜ እጄን ስታጠብ ውሃው እንደ ውርጭ በረደኝ። ምን አስገብተውበት ነው?» አሉን። ወዲያው አልመለስንም። በጣሳ ውሃ ቀዳን፤ ሁለት እፍኝ ዩሪያ ጨምረን በእንጨት አማሰልን። ሁሉም በየተራ ጣሳውን ነካው። ቀዝቅዟል! ውርጭ ሳያድርበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዩሪያ ፍሬ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቅንጣቶች ተያይዘው የሠሩት ነው። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ቅንጣቶቹ ይለያያሉ። ለመለያየት ደግሞ ሙቀት ይፈልጋሉ። ውሃው ቅንጣቶቹን ሲይዛቸው ጥቂት ሙቀት ይመልሳል፤ ግን ወጪውን አይሸፍንም። ጉድለቱ ከየት ይምጣ? የዓመቱ ምርት ያልበቃው ገበሬ ከጎተራው እንደሚያወጣ ሁሉ፣ የጎደለው ሙቀት ከውሃው ከራሱ ይወሰዳል። ውሃውም ይበርዳል። ጣሳውን የያዘው እጅ ሙቀቱን ለውሃው ይሰጣል። ብርድ የምንለው ይኸው ነው እንጂ ከጣሳው ወጥቶ እጃችን ውስጥ የሚገባ ነገር የለም።

ኳስ ተጫዋች እግሩ ወለም ሲለው ሐኪሙ ጨምቆ የሚያደርግለት ቀዝቃዛ ከረጢትም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ውስጡ ፍሬው አለ፤ ውሃው ደግሞ በሌላ ስስ ከረጢት ለብቻው ታሽጓል። ሲጨመቅ ስሱ ከረጢት ይፈነዳና ይቀላቀላሉ። በአንዳንዱ ዩሪያ፣ በአንዳንዱ አሞኒየም ናይትሬት ይገባል። ብርዱ የደም ሥሮችን አጥብቦ እብጠትንና ሕመምን ይቀንሳል። በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከ20 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ነው የሚያዘው።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን እንናገር። ስለ ቅንጣት ስናወራ ጣሳውን መሬት ላይ ረሳነው። አንድ በሬ አፉን ሊያስገባ ሲል አንዲት እናት ሮጠው አነሡት። «ልጆቼ፣ ይኼ እኮ ከብት ይገድላል!» አሉን። ልክ ናቸው። በበሬ ትልቁ ጨጓራ ያሉ ተሕዋስያን ዩሪያን በፍጥነት ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። አሞኒያው ሲበዛ ደሙን ይመርዘዋል። በሬው ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥም ሊሞት ይችላል። ዩሪያ ነጭ ስለሆነ ከብት ከሚልሰው ጨው ጋር ያምታታል። የተማርነውን ፊደል መጠቀም እንግዲህ እዚህ ነው። ጆንያው ላይ 46 የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ ከ100 ኪሎው 46ቱ ናይትሮጂን ነው ማለት ነው፤ ጨው ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር አይጻፍም።

እኒያ እናት በማግስቱ የቤታቸውን ጆንያ በከሰል ጽፈውበት አገኘነው፦ «ዩሪያ። ጨው አይደለም።» «ደ» ተገልብጣለች፤ ግን ይነበባል።