ከክራክ ይልቅ ክራር

በየኅብረቱ አንድ ፍላሽ አለ። ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ኮንታክት አለበት፣ ኦምኒስፌር አለበት፣ በሺህ ዶላር የሚገመት ድምፅ ተጭኖበታል፤ ሁሉም ክራክ የተደረገ። ቂርቆስ ውስጥ፣ ግድግዳው በእንቁላል ትሪ በተለበጠ ክፍል ዝማሬ የምንቀርጽ ልጆች ይህን ፍላሽ እንደ ውርስ እንቀባበለዋለን። እኔም ተቀብዬ አስተላልፌአለሁ። ስለዚህ ወቀሳው የሚጀምረው ከኔው ነው።

የሕጉን ነገር ቶሎ ልለፈው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መዝሙርን ብቻ ሳይሆን የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ዘማሪዎቻችን አልበማቸው ያለፈቃድ ሲገለበጥ በምሬት ይናገራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ያ አልበም የተሠራበት መሣሪያ ግን ራሱ የተገለበጠ ነው። የኛ ላብ ላብ፣ የሰው ላብ ውሃ ነው እንዴ?

«ዶላር ከየት ይምጣ?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ኦምኒስፌር 500 ዶላር ገደማ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ ዋጋው በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ብዙዎቻችን ውጭ አገር የሚከፍል ካርድም የለንም። ይህን ችግር የሚክድ ሽማግሌ ካለ ስቱዲዮ ገብቶ አያውቅም። ግን ችግሩ መስረቅን ግድ አላደረገብንም። ሰርጅ የተባለው ሲንተሳይዘር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ኮዱ ሳይቀር ክፍት ሆኖ በነጻ ይገኛል። ቫይታል ነጻ እትም አለው። ዴክስድ የ1983ቱን ያማሃ ዲኤክስ 7 በነጻ ያስመስላል። ባለቤቶቹ «ውሰዱ» ያሉን እያለ «አትውሰዱ» ያሉንን ለምን እንወስዳለን? መልሱን እናውቀዋለን፤ ፓዱ ስለሚያምር ነው። ከባሕር ማዶ የአምልኮ አልበሞች የሰማነው ያ የሚንሳፈፍ ድምፅ እኛም ዘንድ እንዲኖር ስለምንፈልግ ነው።

ዋናው ጠቤ ከዚህ ጋር ነው። መሣሪያ ስንመርጥ «ስንት ጊጋ ነው?» እንላለን። «አንቺ ሆዬን ይችለዋል?» ብሎ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። ኪቦርድ ኦክታቭን 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን ሁልጊዜ እነዚያ መስመሮች ላይ አያርፍም። እናቶቻችንን እንባ እንባ የሚላቸው ያ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ የሚለው ድምፅ ነው። በፒያኖ ስንጫወተው የቅኝቱ አጥንት ይቀራል፣ ሥጋው ይሄዳል። ነጻው ሰርጅ ታዲያ መቃኛውን እንደፈለጋችሁ እንድትለውጡ ይፈቅዳል፤ ዴክስድም እንዲሁ። እኔ ሦስት ዓመት ፍላሽ ስጎረጉር ይህን አንድ ቀን እንኳ አልሞከርኩም።

«ማሲንቆ የአዝማሪ ቤት ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ልክ ነው፤ ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤቶቿ የታወቀች ነበረች፤ ፈንድቃም እዚያው ነበር። ኪቦርዱስ ከየት መጣልን? ከካዛንቺስ ወረድ ብሎ ባለው ሂልተን ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ኦርጋን ሲጫወት እንግዶቹ ይደንሱ ነበር እንጂ አይጸልዩም። ዛሬ ኦርጋንን በመድረካችን ላይ «ከየት መጣህ?» የሚለው የለም። ለማሲንቆ ሲሆን ብቻ ምርመራው ይጠብቃል።

ከምርጫ ሁሉ የተሻለው የራስን ክራር መቅዳት ነው። ክራር የሚመታ አንድ ልጅ በየአጥቢያው አይጠፋም። ስድስቱን አውታሮች በቀስታ፣ በመካከለኛና በኃይል፣ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ያስመቱት፤ 54 ምት ይሆናል። ከዚያ በነጻው ዲሰንት ሳምፕለር ላይ መደርደር ነው። ይህ ለአንድ ቅኝት ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አራቱም ይሁኑ ካላችሁ አራት ሌሊት ያስፈልጋል። ሌሊት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ መፍረስ ከጀመረች ወዲህ ቀኑ የማሽን ነው። እኛ የቀዳነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። 41ኛው ምት ላይ ውሻ ገብቶበታል፤ አላወጣነውም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ታናሽ ወንድም ፍላሹን ጠየቀኝ። የ54ቱን ምት ፎልደር ብቻ ገልብጬ ሰጠሁት። ከፍቶ ሰማና፣ «ፓድ የለውም እንዴ?» አለኝ።