የመሥሪያ ቤት መብራት ሒሳብ ባለቤት ይኑረው



በአፋር ቆላ ለምንሠራው ብቻ ሳይሆን በሞቃት አገር ላሉ ሠራተኞች ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ያሰብሁትን አጭር አሳብ በአንባቢያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ጉዳዩ በመሥሪያ ቤቶች፤ በባንኮች፤ በሆቴሎችና በሱቆች ውስጥ ያለ ጥቅም ስለሚጠፋው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ዱብቲንና ሰመራን የሚያውቅ ሰው ሙቀቱን አይስተውም። በሰኔ ቀትር ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሰው ሁሉ ኤሲ የሚለው የአየር ማቀዝቀዣ የቅንጦት ዕቃ ነው የሚል ቢኖር አንድ ክረምት እዚህ ይክረምና ይናገር። እኔም ማቀዝቀዣው ይነቀል አልልም። የምለው ሰው የሌለበትን ክፍል ማቀዝቀዝ ይቅር ነው።

በቆላ ሥራ በማለዳ ይጀመርና ቀትር ላይ ረዘም ያለ ዕረፍት ይደረጋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንደምናየው ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ማቀዝቀዣው እንደ ተከፈተ ይቀራል። እስቲ እናስላው። በተለመደው ቢሮ የሚገባው ባለ 12 ሺሕ ቢቲዩ ማቀዝቀዣ በሙሉ ኃይሉ አንድ ሰዓት ሲሠራ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ግድም ይበላል። ባለ 20 ክፍል መሥሪያ ቤት በየቀትሩ ለ3 ሰዓት ባዶ ክፍል ቢያቀዘቅዝ በቀን 60፤ በ22 የሥራ ቀን ደግሞ 1 ሺሕ 320 ኪሎ ዋት ሰዓት ያጠፋል። አንድ መለስተኛ ፍሪጅ በቀን ከ1 እስከ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል። እንግዲህ በአንድ ቀን ቀትር ብቻ የባከነው ቢያንስ 30 ፍሪጅ ቀኑን ሙሉ ሊያሠራ ይችል ነበር ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው ሠራተኛው ክፉ ሆኖ አይደለም። በቤቱ አንድ አምፑል ሳይጠፋ ቢያድር ልጆቹን የሚቆጣ አባት፤ በመሥሪያ ቤቱ አሥሩን አብርቶ ይወጣል። የቤቱን ሒሳብ ከደመወዙ ይከፍላል፤ የመሥሪያ ቤቱን ሒሳብ ግን አይቶት አያውቅም። ወረቀቱ ወደ ፋይናንስ ክፍል ይገባል፤ ከበጀቱ ይከፈላል፤ ፋይሉ ይዘጋል። ባለቤት የሌለው ሒሳብ የሚያድገው እንዲህ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ፤ «የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፤ 5 ሺሕ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘን፤ ስለ ጥቂት ኪሎ ዋት ምን ያስጨንቅሃል?» ይሉኛል። ግድቡ ኩራታችን ነው። ነገር ግን ኃይሉ ከጉባ ዱብቲ የሚደርሰው በሽቦና በትራንስፎርመር ነው፤ ትራንስፎርመርም እንደ በቅሎ የሚችለው ጭነት የተወሰነ ነው። ሁሉም በቀትር ሲጭንበት ኃይሉ ይደክማል ወይም ይቋረጣል። ያን ጊዜ የሚጎዱት በዚያው መስመር ላይ ያሉት፤ በሽተኛ የተኛበት ክፍል፤ ክትባት የተቀመጠበት ፍሪጅና የውኃ መሳቢያው ፓምፕ ናቸው። ደግሞም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ዋጋ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ ለአራት ዓመት እንዲሻሻል ተወስኗል። ስለዚህ ያው ብክነት በየጊዜው የበለጠ ገንዘብ ይጠይቃል።

የቀረው ጥፋት የሕንፃው ነው። የአፋር እናቶች የሚሠሩት አሪ በሰሌን የተሸፈነ ስለ ሆነ ሰሌኑ ሲገለጥ ነፋስ ያስገባል፤ ሲፈለግም ፀሐይ ይከልላል። በሸለቆው በላይኛው በኩል ወደ አዋሽ ከተማ የሄደ ሰውም ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለውን አሮጌውን ቡፌ ዳዋሽን ቢያይ፤ የጥንት ሠሪዎቹ በበረንዳና በጥላ ሙቀትን እንዴት እንደ ተከላከሉ ይረዳል። ዛሬ ግን ለአዲስ አበባ ብርድ የተነደፈ ፎቅ ፊቱ በመስተዋት ተሸፍኖ ወደ ምዕራብ ፀሐይ ተገትሮ ይሠራል። ፀሐይዋን በመስተዋት አስገብቶ መልሶ በኤሌክትሪክ ማስወጣት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

በበኩሌ የሚታየኝ መድኃኒት ብዙ ወጭ የለበትም።

አንደኛ፤ የየወሩ የመብራት ሒሳብ ካለፈው ዓመት ከዚያው ወር ሒሳብ ጋራ ጎን ለጎን ሆኖ በመግቢያው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሠራተኛው ሁሉ ይየው።

ሁለተኛ፤ በየፎቁ አንድ ሰው በተራ ይመደብና በምሳ ሰዓትና በማታ የሚጠፋውን ያጥፋ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም?

ሦስተኛ፤ ማቀዝቀዣው ከ24 ዲግሪ በታች አይውረድ። የሕንድ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 ጀምሮ ለክፍል የሚሸጡ ማቀዝቀዣዎች መነሻቸው 24 ዲግሪ እንዲሆን አዝዟል፤ አንድ ዲግሪ ከፍ ማድረግም ከመቶ 6 ያህል እንደሚያድን ባለሙያዎቹ ይናገራሉ። በጃፓን ደግሞ በ2005 የመንግሥት ሠራተኞች በሙቀት ወራት ኮትና ከረባት እንዲያወልቁ፤ ቢሮዎችም ማቀዝቀዣቸውን በ28 ዲግሪ እንዲያደርጉ ዘመቻ ተጀመረ። በሰመራ ኮት ደርቦ ክፍሉን በ18 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ግን ለኮቱ ሲባል ኤሌክትሪክ መክፈል ነው።

አራተኛ፤ አዲስ ሕንፃ ሲፈቀድ ስለ ጥላው፤ ስለ በረንዳውና ስለ መስኮቱ አቅጣጫ ይጠየቅ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ቁጠባን በሕግ አስገብቶታል፤ የቀረው በየከተማው በሥራ ማዋል ነው።

የመንግሥት ገንዘብ የማንም አይደለም ማለት የቆየ ስሕተት ነው፤ የሁላችንም ነው። በባዶ ክፍል የሚበርደው ወንበር ግብር አይከፍልም። ከፋዩ ውጭ በፀሐይ ቆሞ ተራውን የሚጠብቀው ባለ ጉዳይ ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ይህን አስበው ከሁሉ በፊት የሚቀጥለውን ወር ሒሳብ በሰሌዳው ላይ እንዲለጥፉ አደራ እላለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከዱብቲ