የሳቅነው በምን ነበር?

በአንድ የላቦራቶሪ ሪፖርት ገለጻ ላይ ከሰበታ የመጣ ተማሪ ስሌቱን ያለ አንዳች ስሕተት አቀረበ፤ ክፍሉ ግን አናባቢዎቹን ባስረዘመ ቁጥር ሳቀ። እኛም ነበርንበት። ተማሪው ከዚያ ወዲህ እጁን አያወጣም።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለብዙዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አፋን ኦሮሞ ነው። በዚህ ቋንቋ «መሬት» እና «ለስላሳ» ማለት የሆኑት ቃላት የሚለያዩት በአናባቢ ርዝመት ብቻ ነው። ርዝመትን በልጅነቱ የለመደ ምላስ አማርኛ ሲናገርም ብዙ ጊዜ ልማዱን ይዞ ይመጣል። በአማርኛ ግን የአናባቢ ርዝመት ፍቺ አይለውጥም። ፍቺ የሚለውጠው መጥበቅና መላላት ነው፤ በዓሉን ገናን «ገና አልደረሰም» ከምንለው ገና የሚለየው ይኸው ነው። መጥበቅና መላላት ደግሞ በአፋን ኦሮሞም ፍቺ ይለያል። ታዲያ ከተማሪው ገለጻ የትኛው መረጃ ጎደለ?

ዊልያም ላቦቭ እ.ኤ.አ. በ1962 በኒውዮርክ ሦስት መደብሮች የሚሠሩ ሻጮችን «አራተኛ ፎቅ» የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዲናገሩ አደረገ። በውዱ መደብር 62 በመቶው፣ በርካሹ 20 በመቶው «ር»ን በሙሉ ወይም በከፊል አሰሙ። በለንደን ግን የተከበረው አነጋገር ያንኑ «ር» የሚውጠው ነው! ድምፁ አንድ ሆኖ ሳለ ክብሩ በአገሩ ይገለበጣል።

ስለዚህ መምህራን ለ«አቀራረብ» የሚሰጡትን ነጥብ መልሰው እንዲያዩት እንጠይቃለን። እኛ ደግሞ ይቅርታ ልንጠይቀው የሚገባ አንድ የክፍል ጓደኛ አለን።