ሚዛን ይዞ የመጣ እንግዳ

በዛሬው የዓለም ታሪክ አምዳችን ወደ ሕንድ አገር እንሄዳለን። የምናወራው ስለ አንድ የነጋዴዎች ኩባንያና ኩባንያውን ስለተዋጉ የሕንድ ገዢዎች ነው። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል። በአንድ ቀን ካላለቀ ከፋፍላችሁ አንብቡት።

ኩባንያው እንዴት ገባ?

ሕንድ ሰፊ አገር ናት። ከኛ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ማዶ ትገኛለች። የሕንድ ሸማኔዎች የሚሠሩት ስስ የጥጥ ጨርቅ ከጥንት ጀምሮ በዓለም የታወቀ ነበር። ቁንዶ በርበሬም ከዚያ ይመጣል። ይህን ሀብት የፈለጉ የእንግሊዝ ነጋዴዎች በ1600 ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥተው አንድ ኩባንያ አቋቋሙ። ስሙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ይባላል።

ኩባንያው መጀመሪያ መሬት ልያዝ አላለም። ልነግድ ነው ያለው። ከሕንድ ገዢዎች ፈቃድ ጠይቆ በባሕር ዳር መጋዘን ሠራ። ማድራስ፣ ቦምቤይና ካልካታ የኩባንያው ዋና ዋና የንግድ ቦታዎች ሆኑ። ቀጥሎ፣ ዕቃዬን ከሌባ ልጠብቅ ብሎ ዘበኛ ቀጠረ። ለዘበኛው ጠመንጃ ሰጠ። በመጋዘኑ ዙሪያ ግንብ ሠራ። ዘበኛው እየበዛ ሄደና ጦር ሆነ።

በዚያን ዘመን አብዛኛው ሕንድ በአንድ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበር። ከ1707 ዓ.ም. በኋላ ግን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ደከመ። የየአገሩ ገዢዎችም በየፊናቸው ቆሙ። አንዱ ካንዱ ጋር ስለ ወሰን ይዋጋ ጀመር። ኩባንያው ይህን አየ።

በ1757 ዓ.ም. ኩባንያው ቤንጋል ከሚባለው ሀብታም አገር ገዢ ጋር ፕላሲ በሚባል ቦታ ተዋጋ። የኩባንያው ጦር ወደ 3 ሺህ ያህል ነበር። የገዢው ጦር ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ እንዴት ተሸነፈ? ሚር ጃፋር የሚባለው የጦር አዛዡ ከኩባንያው ጋር በስውር ተዋውሎ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ወታደሮቹን ይዞ ዳር ቆሞ አየ። ኩባንያውም በምላሹ እሱን በዙፋን ላይ አስቀመጠው።

በ1765 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነት የተሸነፈው ንጉሠ ነገሥት አንድ ውል ፈረመ። በውሉ መሠረት የቤንጋልን ግብር የሚሰበስበው ኩባንያው ሆነ። እስቲ ይህን ልብ በሉ። ኩባንያው ከገበሬው ግብር ይሰበስባል። በዚያው ገንዘብ ከዚያው አገር ሸማኔ ጨርቅ ይገዛል። ጨርቁን አውሮፓ ወስዶ ይሸጣል። በተረፈው ግብር ወታደር ይቀጥራል። ሕንድ የተያዘችው በራሷ ገንዘብ ነው ማለት ነው። ወታደሮቹም የሚበዙት ሕንዶች ነበሩ።

በ1769 ዓ.ም. በቤንጋል ዝናብ ቀረ። በ1770 ዓ.ም. ብርቱ ረሃብ ገባ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ኩባንያው ግን ግብር መሰብሰቡን አላቆመም።

እምቢ ያለው ማይሶር

በደቡብ ሕንድ ማይሶር የሚባል መንግሥት ነበር። የሚመራው ሀይደር አሊ ከወታደርነት ተነሥቶ ለገዢነት የበቃ ሰው ነው። በ1769 ዓ.ም. እስከ ማድራስ በር ድረስ ገሥግሦ ኩባንያውን በግድ ዕርቅ አስፈረመው።

የሀይደር አሊ ልጅ ቲፑ ሱልጣን ይባላል። አባትና ልጅ በ1780 ዓ.ም. ፖሊሉር በሚባል ቦታ አንድ የኩባንያውን ጦር ደመሰሱ። የማይሶር ወታደሮች ሮኬት ነበራቸው። ሮኬቱ ባሩድ የተሞላ የብረት ቧንቧ ነው። ሲለኩሱት እሳት እየተፋ ሩቅ ይሄዳል። በዚያ ቀን የኩባንያው የባሩድ ጋሪዎች ተቃጥለው ፈነዱ። እንግሊዞች ኋላ ይህን ሮኬት ወደ አገራቸው ወስደው አጥንተውታል። የራሳቸውንም ሮኬት ከሱ ተነሥተው ሠርተዋል።

ሀይደር አሊ በ1782 ዓ.ም. ሲሞት ቲፑ መንግሥቱን ያዘ። ቲፑ ብርቱ ሰው ነበር። ጦሩን አደራጀ። ርዳታ ፍለጋ ወደ ፈረንሳይና ወደ ቱርክ መልእክተኛ ላከ። ነገር ግን እውነቱን እንናገር። ቲፑ በያዛቸው አገሮች ላይ ጨካኝም ነበር። ከኩርግና ከማንጋሎር ብዙ ሰው ከቀዬው አፍልሷል፤ ሃይማኖቱን በግድ ያስለወጠውም አለ። ስለዚህ ጎረቤቶቹ የሚወዱት ሰው አልነበረም።

ጎረቤቶቹ ሁለት ነበሩ። በሰሜን ምዕራብ ማራታዎች አሉ። በሰሜን ምሥራቅ የሃይደራባድ ገዢ አለ፤ ማዕረጉ ኒዛም ይባላል። ሁለቱም በወሰን የተነሣ ከማይሶር ጋር ቂም ነበራቸው። በ1790 ዓ.ም. ኩባንያው ሁለቱን ከጎኑ አሰለፈ። ሦስቱ አብረው ማይሶርን ወጉ።

ቲፑ ሁለት ዓመት ያህል ተከላከለ። ሦስት ጠላት ግን በዛበት። በ1792 ዓ.ም. የዕርቅ ውል ፈረመ። ውሉ ከባድ ነበር። የመንግሥቱን ግማሽ ለቀቀ። ሦስቱም ተከፋፈሉት። በዚያ ላይ 33 ሚሊዮን ሩፒ ካሣ ተጣለበት። ገንዘቡ እስኪከፈል ድረስ ሁለት ልጆቹን መያዣ ሰጠ። ሁለቱም ገና ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ወደ አባታቸው የተመለሱት በ1794 ዓ.ም. ነው።

በ1799 ዓ.ም. ኩባንያው እንደገና መጣ። የኒዛሙ ጦርም አብሮት ነበር። የቲፑ ዋና ከተማ ስሪራንጋፓትና በካቬሪ ወንዝ የተከበበች ደሴት ናት። መድፍ ግንቧን አፈረሰው። ግንቦት 4 ቀን እኩለ ቀን ላይ ወታደሮቹ በፈረሰው ግንብ ገቡ። ቲፑ አልሸሸም። በር ላይ ሲዋጋ ወደቀ። በዚያው ማታ ሬሳው ከሌሎቹ ሬሳዎች መካከል ተገኘ።

ተራው የማን ሆነ?

እንግዲህ ኩባንያውን የረዱት ጎረቤቶች ምን አገኙ?

ኒዛሙ በ1798 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር አንድ ውል ተፈራርሞ ነበር። ኩባንያው «ከጠላት የሚጠብቅህ ጦር አገርህ ውስጥ አስቀምጥልሃለሁ፤ ወጪውን አንተ ቻል» አለው። ነገሩ ሲሰሙት መልካም ይመስላል። ነገር ግን የጦሩ አዛዥ ኒዛሙ አይደለም፤ ኩባንያው ነው። ወጪውም ከባድ ነው። በ1800 ዓ.ም. ኒዛሙ ለዚህ ወጪ ሲል መሬት ለኩባንያው አስረከበ። የትኛውን መሬት? በ1792ና በ1799 ከማይሶር የደረሰውን ድርሻ! ጎረቤቱን ወግቶ ያገኘውን መልሶ ለኩባንያው ሰጠ። ዙፋኑ ቀረለት፤ ሥልጣኑ ግን ሄደ።

ማራታዎችስ? ቲፑ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1803 ዓ.ም. ኩባንያው እነሱን ወጋ። ጀግኖች ስለነበሩ ብርቱ ውጊያ ተደረገ። ሆኖም የማራታ አለቆች ርስ በርሳቸው የተቃቃሩ ነበሩ። በ1818 ዓ.ም. ኃይላቸው ፈጽሞ ተሰበረ። ያን ጊዜ ሊረዳቸው የሚችል ማይሶር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ኩባንያው አገር ለመያዝ ጦርነት እንኳ የማይፈልግበት ጊዜ መጣ። «የአብራክ ልጅ ሳይተካ የሞተ ገዢ አገሩ የኛ ይሆናል» የሚል ደንብ አወጣ። የጃንሲ ገዢ ልጅ በማደጎ ተቀብሎ በ1853 ዓ.ም. ሞተ። በሕንድ ልማድ የማደጎ ልጅ ይወርሳል። ኩባንያው ግን አልቀበልም ብሎ በ1854 ዓ.ም. አገሩን ወሰደ። የሟቹ ሚስት ላክሽሚባይ አቤቱታ ብትጽፍም የሰማት የለም። በ1857 ዓ.ም. የኩባንያው ሕንዳውያን ወታደሮች ባመፁ ጊዜ ጦርነቱ ጃንሲም ደረሰ። እሷም ከተማዋን ተከላከለች። በ1858 ዓ.ም. ጓሊዮር አጠገብ ስትዋጋ ሞተች። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት ሕንድን ከኩባንያው ተረክቦ ራሱ ይገዛ ጀመር። ሕንድ ነፃ የወጣችው በ1947 ዓ.ም. ነው።

ይህ ነገር ወደኛም ደርሷል። በ1868 ዓ.ም.፣ በኛ አቆጣጠር በ1860፣ እንግሊዞች በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ጦሩ የተነሣው ከቦምቤይ ነው። ከወታደሮቹ የሚበዙት ሕንዶች ነበሩ። መድፉን የተሸከሙት ዝሆኖችም ከሕንድ በመርከብ የመጡ ናቸው። የተያዘ አገር ልጅ ሌላውን አገር ለመውጋት ይሰለፋል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? የሕንድ ገዢዎች ጀግንነት አላነሳቸውም። መሣሪያም ነበራቸው። ኩባንያው ግን ገንዘብ፣ መርከብና ትዕግሥት ነበረው። አንዱን ሲወጋ ሌላውን ወዳጅ ያደርገዋል። ወዳጅ የተባለውም የጎረቤቱን መውደቅ እንደ ትርፍ ይቆጥረዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በሕንድ ድሩ ብዙ ነበር፤ አላበረም እንጂ።

ሁለተኛው ነገር ውል ነው። ኩባንያው ከጠመንጃው እኩል በወረቀት ይሠራ ነበር። ስለዚህ ወረቀት ሲቀርብልን መጀመሪያ እናንብብ። «ወጪውን ማን ይችላል? አዛዡ ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ጣታችንን ወይም ፊርማችንን የምናኖረው ከዚያ በኋላ ነው።

የቃላት ፍቺ

ኩባንያ፦ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የሚነግዱበት ድርጅት
ውል፦ ሁለት ወገኖች የሚስማሙበት ጽሑፍ
ካሣ፦ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ገንዘብ
መያዣ፦ ዕዳ እስኪከፈል ድረስ የሚሰጥ ሰው ወይም ንብረት

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኩባንያው ወታደሮቹን የሚቀጥረው ከየት ባገኘው ገንዘብ ነበር?
2. ኒዛሙ ከማይሶር ያገኘው መሬት መጨረሻው ምን ሆነ?
3. ማራታዎችና ኒዛሙ በ1790 ዓ.ም. ከቲፑ ጋር ቂም ነበራቸው። እናንተ በነሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ተወያዩበት።