ስልኩ መጨረሻ ይምጣ

ባለፈው ሴሚስተር ለማስተማር ልምምድ ስወጣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይዤ ወጣሁ። ስልኬ ላይ «ሲክ» የተባለውን፣ ካሜራ ሲደቅኑበት የዕፅዋትንና የነፍሳትን ስም የሚናገረውን ፕሮግራም ጭኜ ነበር። አንድ ቁጥቋጦ ላይ ብደቅነው የላቲን ስሙን አወጣ። ልጆቹ ስልኩን ለማየት ተጋፉ እንጂ ቅጠሉን ዞር ብሎ ያየ አልነበረም። በዚህ መሀል አንዷ፣ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ግራዋ ነው! አያቴ የጠላ እንስራ ታጥብበታለች» አለች። ያኔ ሁሉም ወደ ቅጠሉ ዞሩ፤ አሸተቱት፤ አንዱም ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ።

ታዲያ ስልክ ይቅር ማለቴ ነው? በፍጹም! በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር ሳሴክስ፣ «አምቢየንት ዉድ» በተባለ ፕሮጀክት ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው የጫካውን እርጥበትና ብርሃን በመሣሪያ እየለኩ ውጤቱን በእጅ በሚያዝ ኮምፒውተር ያዩ ነበር። መሣሪያው በዓይን የማይለካውን አሳያቸው እንጂ በዓይናቸው ምትክ አላየላቸውም።

በእኔ አስተያየት ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እኛ የነገ መምህራን ልጁን መጀመሪያ በዓይኑ ይመልከት፣ ያሽት፣ ከቤቱ የሚያውቀውን ይናገር እንበል። ስልኩ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። አለበለዚያ ልጆቹን ከክፍል አውጥተን እንደገና ስክሪን ፊት አስቀመጥናቸው ማለት ነው።